መስኮት ቁጥር ሦስት

ጠጋ በል ወንድሜ፣ ይሄ ነው መስኮቱ፤
ቁጥሩን አትፈልገው፣ ምልክቱ ይበቃል፦ ስንጥቅ መስተዋቱ።
መሸኛህን አምጣው። ከክብረ መንግሥት ነው? ማኅተሙ ደብዝዟል፤
ግድ የለም፣ ይነበባል። «ገልገሎ ቦሩ» ይላል።
ጉርድ ፎቶ ሁለት፤ ጆሮህ ይታይበት፣
ባርኔጣ የሌለው፣ ሳቅ የሌለበት።
ሳቅ ለምን እንዳልተፈቀደ አልነገሩኝም፤
አሥራ አራት ዓመቴ፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ኃላፊው ስብሰባ ነው። እስኪፈርምልህ
የሐዋሳን ደንብ በአፌ ልንገርህ፤
ሰው እዚህ የሚማር ከፍሎ ነው፣ ተቀጥቶ፤
አንተ በነጻ ስማው፣ ጆሮህ ተከፍቶ።

መጀመሪያ ሐይቁ።
ሐይቁ የሁላችን ነው፤ ለዚህ ነው ባጃጅ እዚያ የማይታጠበው።
ሳሙናም ክልክል ነው፤ ዓሣ አረፋ አይለምድም፣ ሆዱን ነው የሚነፋው።
የዓሣ አንጀት ግን ገበያው ዳር ይጣላል፤
የአባ ኮዳ ድርሻ ነው፣ ቆሞ ይጠብቃል፤
እንደ እኛ ቢሮ ሰው፣ ራሰ በራ፣ ካፖርት የለበሰ፣
ሲያንቀላፋ ውሎ የሚነቃ ደሞዙ ከደረሰ።
በድንጋይ የመታው ይቀጣል። ስንት እንደሆን ረሳሁ፤
አንዴ እኔም ወርውሬ... ተወው፤ የሳትኩት መሰለኝ፣ ዞሬ ሳላይ ሸሸሁ።

ብስክሌት ግዛ፤ ከተማው ሜዳ ነው፣ እግር አያደክምም፤
ደወል ይኑረው ይላል ደንቡ፤ ስለ ፍሬን ግን ምንም።
የፈረስ ጋሪ ቀን ቀን አስፋልት አይወጣም፤
ዳንጊሶ በሌሊት ነው የሚነዳው፣ ፈረሱ ቀን አያውቅም፤
ፀሐይ ካየ ይደነብራል ይላሉ።

ቆሻሻ ማክሰኞና ዓርብ፣ ፊሽካው ሲነፋ።
ሳይነፋ ያወጣ ይቀጣል፤ ያልሰማ
ሳምንቱን ከሽንኩርት ልጣጩ ጋር ይክረም፣ ቤቱ እስኪከረፋ።
በርህ ላይ ያለው ቦይ ያንተ ነው፣ ለመጥረግ፤
የመንግሥት ነው ደግሞ፣ መቆፈር ሲፈለግ።
ዛፍ መትከል በነጻ ነው፤ መቁረጥ ሦስት ፊርማ፤
ሦስተኛው ፈራሚ ዓመት ሆነው፣ ለሥልጠና ከሄደ አዳማ።
ቤት ስትከራይ ውሉ እዚህ ይመዝገብ፣ ይጻፍ፤
አከራይህ «ዘመዴ ነው» ይላል፣ ግብሩ እንዲያልፍ።
እሺ አትበል፤ ዝምድናው በየሦስት ወሩ ዋጋ ይጨምራል።

ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያ የለም።
ለድንኳንም ደብዳቤ ነው፤ መንገድ ዝም ብሎ አይዘጋም።
ወይዘሮ ዱካለ፣ ባሏ የሞተ ለታ፣
ቅጹን የሞላሁላት እኔ ነኝ፣ በዚህች ጠባብ ቦታ፤
«ምክንያት» የሚለው ጋ እጄ ቆመ፣ ቃል ጠፋኝ፤
«ሰው ጎድሎባት» ብዬ ጻፍኩ፣ ሌላ አልመጣልኝ።
ኃላፊው ሰረዘው። «ለቅሶ» ብሎ አረመኝ።

አንድ አለ የቀረ፣ አንቀጽ አሥራ ስምንት፦
ፈቃድ ሳይኖረው በሌሊት የቆመ፣ ጨረቃ ቤት፣
በሩ ላይ ቀይ ቀለም ይቀባበታል፤
ባለቤቱ በሰባት ቀን በገዛ እጁ ያፈርሳል።
ይቺን የተየብኳት እኔ ነኝ፣ በእነዚህ ጣቶች።
መጀመሪያ ፊደል ገድፌ ነበር፦
«ያፈርሳል» ለማለት «ያፈራል» ብዬ።
ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሐሙስ ማታ ከአላሙራ ግርጌ፣ ቤቴ ስደርስ፣
ቀለሙ በሬ ላይ ገና እርጥብ ነበር፣ ሲንጠባጠብ፣ ሲፈስ።
ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ቀይ ኤክስ የምታውቀው
ደብተሯ ላይ ነው።
«አባዬ፣ የቱን ተሳሳትን?» አለችኝ።

ዛሬ አራተኛው ቀን ነው።

በል፣ ኃላፊው መጣ። ፈርሟል። እንካ መታወቂያህን፤
የቤት ቁጥር ላይ «አዲስ» ብያለሁ፤ ስታገኝ ታስሞላለህ ቀሪውን፤
እኔ ከሌለሁ መስኮት አራትን ጠይቅ።
ይሄኛው ማኅተም ሐምራዊ ነው፤ እፍ በልበት፣ አትንካው እስኪደርቅ።

ተረኛ!